«እየተማረች ይሁን እየነካካች አላውቅም»

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። ልጄ አራት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፤ ዘንድሮ ነርሰሪ ገብታለች። ግማሽ ቀን ውላ ትመጣና ከእናቴ ጋር ትሆናለች። እኔ ካዛንቺስ ስለምሠራ ቤት የምደርሰው አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ስልክ መከልከል አልቻልንም። ካልቀረ የሚያስተምር ይሁን ብዬ ስልክ ቤት ሄጄ የልጆች ጌም አስጫንኩ፤ ልጁ ሠላሳ ምናምን ጫነልኝ። ፊደልም ቁጥርም አለው። ግን እየተማረች ይሁን እየነካካች አላውቅም። ስንቀማት ደግሞ ቤቱን በለቅሶ ታናውጠዋለች። የትኛውን ልተውላት? እንግሊዝኛው ይሻላል አማርኛው? ስም ብቻ ብትነግሩኝ ይበቃኛል።»

እህቴ፣ ስም እነግርሻለሁ፤ ዝቅ ብሎ አለልሽ። (አንቱ እያልኩ ስጽፍ ነገሬ ሁሉ የቢሮ ደብዳቤ ስለሚመስል አንቺ ብዬሻለሁ።) ግን ስም ብቻ ሰጥቼሽ ብሄድ ከጥቂት ወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ጌም እንደ መጽሐፍ አንዴ ታትሞ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ዛሬ ነፃ የሆነው ነገ ብር ይጠይቃል። ዛሬ ንጹሕ የሆነው ነገ ማስታወቂያ ይሞላዋል። ስለዚህ መምረጫውንም አብረሽ ውሰጂ።

ደግሞ ዋናው ጥያቄሽ «የትኛው ጌም» የሚለው አይመስለኝም። «እየተማረች ይሁን እየነካካች አላውቅም» ያልሽው ነው። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሃያ ዓመት ልደፍን ነው፤ መጀመሪያ አስተማሪ ሆኜ፣ አሁን አስተማሪዎችን እያሠለጠንኩ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ብዙ አላጋጠመኝም። አብዛኛው የሚለኝ «ስልኩን ከኔ በላይ ታውቀዋለች!» ነው። በኩራት።

ስለዚሁ ኩራት የሀገራችን አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ታብሌት አደለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። አስተማሪም መመሪያም አልነበረም፤ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የተሰጣቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ሲናገር አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መንደሩ ውስጥ ይዘፈን ጀመር። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ተደነቀ። እኔም ተደንቄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ታብሌት ማንኛውም ጣት እንዲከፍተው ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው። ከፍቶ መግባት ሌላ፣ መማር ሌላ። መዝሙሩም ቢሆን የማያውቁት ቋንቋ መዝሙር ነበር።

አሁን ወደ ልጅሽ። እኔ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ።

አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበረን። ታብሌት ላይ እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እናቱ እንግዳ ሲመጣ ታስቆጥረዋለች። አንድ ቀን የለስላሳ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ አፈሰስኩና «አምስት ስጠኝ» አልኩት። በእፍኙ ዘግኖ ሰጠኝ። «እስቲ ቁጠረው» አልኩት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለ በጣቱ እየነካ ሰባት ደረሰ። አንድም አልሳተም። «ታዲያ ስንት ሰጠኸኝ?» አልኩት። «አምስት!» አለኝ፣ ዓይኑን እንኳን ሳያሽ።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ልጆች ቁጥርን መጀመሪያ የሚይዙት እንደ ዘፈን ነው። የመጨረሻው ቁጥር «ስንት ነው» ለሚለው መልስ መሆኑ የሚገባቸው ዘግይቶ ነው፤ ብዙዎቹ ሦስት ዓመት ተኩል አልፏቸው፣ አራት ዓመት አካባቢ። ያ ልጅ የነበረው ጌም ፊኛ ሲፈነዳ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያለ የሚጮኽ ነበር። ልጁ ጣቱን ይቀስራል፣ ጌሙ ይቆጥርለታል። የሚቆጥረው ጌሙ ነው። እሱ ፊኛ ነው የሚያፈነዳው።

ሌላ ዓይነት ጌም አለ። «ለዝንጀሮው ሦስት ሙዝ ስጪው» ይልና ዝም ይላል። ልጅቷ አንድ ትሰጣለች፣ ሁለት ትሰጣለች፣ አራትም መስጠት ትችላለች፤ አይከለክላትም። «ጨርሻለሁ» የምትለው ራሷ ናት። ከዚያ አብሯት ይቆጥርና አንድ እንደተረፈ ያሳያታል። ሁለቱም «የቁጥር ጌም» ተብለው ነው የሚሸጡት። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ምን ያስተምራል የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ሽፋኑ ላይ ሁሉም «ያስተምራል» ነው የሚለው። ልጅሽ ምን ትሠራለች? ይህን ነው የምታይው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ራስሽ ሃያ ደቂቃ መጫወት አለብሽ። አቋራጭ የለውም።

ስትጫወቺ መጀመሪያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስክሪኑን ዝም ብለሽ ነካኪው። እውነቴን ነው። ኮከብ ከሰጠሽ፣ ከጨበጨበልሽ፣ ደረጃ ካሳለፈሽ አጥፊው። አራት ምርጫ ሰጥቶ እስክታገኚው ድረስ ሁሉንም ብትነኪ ምንም የማይልሽ ጌም፣ ልጅሽን የሚያስተምራት ሁሉንም መንካት ነው። ቀጥሎ ሆን ብለሽ ተሳሳቺ። ሲሳሳቱ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ጌም ላይ ትክክለኛው መልስ «ጎበዝ» ብቻ ነው፤ የተሳሳተው ግን ቡፍ ብሎ ይፈነዳል ወይም አሳማው ይወድቃል። የአራት ዓመት ልጅ የቱን የሚመርጥ ይመስልሻል? ሆን ብለው ተሳስተው በሳቅ ሲንፈራፈሩ አይቻለሁ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ያን ነበር የምመርጠው።

ከዚያ ጸጥታውን ስሚ። ጌሙ ልጅቷ እስክታስብ ይጠብቃል ወይስ አምስት ሰከንድ ሲሞላ ራሱ ይመልሳል? ጀርባው ላይ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ወፉ እየበረረ፣ ኮከቡ እየተበተነ ከሆነ ፊደሏን ማን ያያታል? ለትንንሽ ልጅ የተሠራ ጥሩ ጌም ለአዋቂ ትንሽ ይሰለቻል። ከሰለቸሽ መጥፎ ምልክት አይደለም።

ፊደሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ።

አንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ጌም የተሠራው የእንግሊዝኛው ቅርጽ ተወስዶ ነው፤ ኤ ቢ ሲ ይወጣል፣ ሀ ሁ ሂ ይገባል። የእንግሊዝኛው ግን 26 ፊደል ነው። የኛ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ያን ሁሉ በአንድ ገጽ ደርድሮ አንድ በአንድ እየነኩ ድምፅ መስማት የአራት ዓመት ልጅን ከዘፈን አያሳልፋትም። «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለች ትወርዳለች፤ «ሂ»ን ለብቻዋ ብታሳዪያት ከ«ሀ» ተነስታ ካልቆጠረች አታውቃትም።

የኔታ ይህን ችግር ድሮ ነው ያወቁት። ልጁ ገበታውን በስንደዶ እየጠቆመ በቃሉ ሲያወርደው፣ ዓይኑ ይየው አፉ ይዝፈነው ስለማይታወቅ ነው አቡጊዳ የሚከተለው። «አ ቡ ጊ ዳ» ብሎ ረድፉን ሰብሮ ሲመጣ በዘፈን ማምለጥ የለም። ጌምሽም አቡጊዳ ያለው መሆን አለበት፦ ፊደላቱን የሚያደባልቅ፣ በቦታቸው ሳይሆን በመልካቸው የሚጠይቅ።

አሁን ደግሞ ወጥመዱ። ጌሙን ክፈቺና «ሰ»ን ፈልጊ እስኪልሽ ጠብቂ። «ሰ» እና «ሠ» ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ካሉ «ሠ»ን ንኪ። «ተሳስተሻል» ካለሽ ያ ጌም ለልጅሽ አይሆንም። የሰማችው ድምፅ አንድ ነው፤ ልጅቷ ትክክል ናት። ሀ ሐ ኀ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ላይም እንደዚሁ። የኔታ እኮ «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ብለው ለእያንዳንዱ ስም ያወጡለት ለዚህ ነው፤ በድምፅ እንደማይለዩ ያውቃሉ። እንዲህ የተቀጣች ልጅ የምትማረው ጆሮዋን አለማመን ነው። በዚህ የተነሳ ፊደል የጠላች ልጅ አይቻለሁ፤ እናቷ «አይገባትም» ብላ ነበር ያመጣቻት።

ለጊዜው 231ዱንም አትፈልጊ። ከስሟ ጀምሪ። ማርታ ከሆነች ማ፣ ር፣ ታ። ከዚያ የአንቺን ስም፣ የአያቷን ስም። ቆብ የሚደፉትን፣ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ አቆይያቸው። ፊደል የሚመርጡበት ቦታ ያለው ጌም ካገኘሽ፣ ሌላውን ዘግተሽ እነዚህን አራት አምስት ብቻ ተዪላት። በጣት መስታወት ላይ ፊደል መከተል እርሳስ መያዝ አያስተምርም፤ ለመልኩ ካልሆነ ብዙ አትጠብቂበት። እናትሽ ዳቦ ሲጋግሩ ቁራሽ ሊጥ ቢሰጧትና «ማ»ን በሊጥ ብትሠራት ለጣቶቿ ይበልጣል።

እንግሊዝኛ ወይስ አማርኛ? በዚህ ዕድሜ ቤት የምታወሩበት ቋንቋ ይቅደም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ሬድ» ብሎ «ቀይ» የማያውቅ፣ «ኤለፋንት» ብሎ «ዝሆን» ሲሉት የሚደናገር ልጅ ብርቅ አይደለም። እንግሊዝኛ ክፉ ነው አላልኩም። ግን ሐሳቡን በአማርኛ የያዘች ልጅ እንግሊዝኛውን በላዩ ትደርብበታለች። ሐሳቡ ሳይኖራት ስሙን ብቻ በእንግሊዝኛ ያጠናች ልጅ ግን የያዘችው ድምፅ ነው። የቁጥር፣ የቅርጽ፣ የማመሳሰል ጌም በእንግሊዝኛ ቢሆንም አጠገቧ ሆኖ በአማርኛ የሚያወራት ካለ ችግር የለውም። የፊደል ግን በአማርኛ ይሁን።

አሁን ስሞቹ። ሁለት ናቸው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልጋትም። አንዱ ካን አካዳሚ ኪድስ ነው። ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ፣ ነፃ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ በመሃል «ግዙ» የማይል። የተወሰነው ክፍል አስቀድሞ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሌላው ጂኮምፕሪ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ «ገባኝ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት የሚሆን፣ ከመቶ በላይ ጨዋታ የያዘ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። በኮምፒዩተርም በአንድሮይድ ስልክም ይጫናል። መልኩ ትንሽ ያረጀ ነው፤ እኔ ግን ለዝምታው እወደዋለሁ። ለሷ የሚከብደውን፣ የክብደት ደረጃውን በሚያሳየው የኮከብ ብዛት መርጠሽ መደበቅ ትችያለሽ። በሁለቱም ውስጥ ሁለት ሦስት ጨዋታ ምረጪላትና ሳምንቱን እነሱን ትጫወት። ልጅ ድግግሞሽ ይወዳል፤ የሚሰለቸን እኛ ነን። ሦስተኛ የአማርኛ ፊደል ጌም ከጨመርሽ የ«ሰ» እና የ«ሠ»ን ፈተና ያለፈ ይሁን።

ስልክ ቤት የተጫነውን ሠላሳ ምናምን ግን ዛሬውኑ አጥፊው። እነዚያ ብዙ ጊዜ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፉ ናቸው፤ ማን እንደነካካቸው አይታወቅም። ያንቺ ስልክ ላይ ቴሌብር አለ፣ የባንክ መተግበሪያ አለ። የምትፈልጊውን ከፕሌይ ስቶር ራስሽ አውርጂ።

ማስታወቂያውን ደግሞ አቅልለሽ አትይው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱባቸውን 135 መተግበሪያዎች ፈትሸው 95 በመቶው ውስጥ ማስታወቂያ አገኙ። ጨዋታውን አቋርጦ ስክሪኑን የሚሞላ አለ። ገጸ ባሕርይው ራሱ «ይህን ግዢ» ብሎ፣ ካልተገዛለት የሚያለቅስም አለ! የአራት ዓመት ልጅ ጨዋታውንና ማስታወቂያውን አትለይም። ቀላሉ መላ ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፍቶ መስጠት ነው፤ አብዛኛው ማስታወቂያ ያለ ኢንተርኔት አይመጣም። ከጌሙ ወጥታ ሌላ ቦታ እንዳትገባ ደግሞ አንድሮይድ ላይ በሴኪዩሪቲ ሴቲንግ ውስጥ «አፕ ፒኒንግ» የሚል አለ፤ አይፎን ከሆነ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ጋይድድ አክሰስ»። አንዴ ካስተካከልሽው እናትሽ አይቸገሩም።

ስለ እናትሽ ካነሳሁ፣ «እናቴ ስልክ አታውቅም» እንደምትይ እገምታለሁ። አለማወቃቸው ጥሩ ነው! ትንንሽ ልጆች ከስክሪን ይልቅ አጠገባቸው ካለ ሰው የበለጠ ይማራሉ፤ ጌሙም የሚጠቅመው ሰው ሲያወራበት ነው። እናትሽ ጌሙን ማወቅ የለባቸውም። መነጽራቸውን አድርገው አጠገቧ ቁጭ ብለው «ይቺ ደግሞ ማናት? ለምን እዚያ አስቀመጥሻት? እኔ አልገባኝም» ቢሏት በቂ ነው። ልጅቷ ማስረዳት አለባት። ስታስረዳ ታስባለች። የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቢቀመጥ ጣቱን ሰዶ ይነካላት ነበር።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ካርቱኑም ቪዲዮውም እዚያው ሰዓት ውስጥ ነው የሚቆጠረው፤ ጌሙ «ትምህርት ነው» ተብሎ ለብቻው አይታይም። ያው መመሪያ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60ው ትንፋሽ የሚያፋጥን፣ እና ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይላል። ለልጅሽ እኔ የምለው ሃያ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከምሳ በኋላ አንዴ፣ አንቺ ስትመጪ አንዴ። ምግብ እየበላች አይሆንም። ከመተኛቷ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥም አይሆንም።

ለቅሶው። የምታለቅሰው ሱስ ስለያዛት ነው ብለሽ አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ የምታለቅሰው ነገር በመሃል ስለተቆረጠባት ነው። አንቺም ወሬ ጀምረሽ ስልኩ እጅሽ ላይ ቢዘጋ ትናደጃለሽ። «አምስት ደቂቃ ቀርቶሻል» ለሷ ትርጉም የለውም። «ይቺን ዝንጀሮ አብልተሽ ስትጨርሺ እንዘጋለን» ግን ይገባታል። መጨረሻ የሌለው ጌም፣ አንዱ ሲያልቅ ራሱ ሌላውን የሚጀምር፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚጠፋው። ስልኩን የምትዘጋው እሷ ትሁን፤ በገዛ እጇ። ወዲያው የምትሄድበት ሌላ ነገር ይኑር። ሕጉን ስትቀይሪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶው ይብሳል። እናትሽ «ኧረ ትታመምብኛለች» ብለው መልሰው የሰጧት ቀን ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ይህን አስቀድመሽ ተነጋገሪያቸው፤ በፍቅር።

ከስልክ ውጭ ደግሞ ሰፈርሽ ራሱ ጌም ነው። ፒያሳ እኮ ነው ያላችሁት! የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ውጡና ታፔላ ላይ «ማ»ን ትፈልግ። ታክሲው «አራት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ሲል «በአራትና በስድስት መሃል ማን ቀረ?» በያት። እናትሽ ገበጣ ያውቃሉ? የእንቁላል ካርቶን በቂ ነው። ጠጠር አንድ በአንድ እየጣሉ መዞር፣ የትኛውም ጌም ውስጥ ካየሁት የቁጥር ትምህርት አይተናነስም። ጠጠሩ ሲያልቅ ደግሞ ጨዋታው ራሱ ያልቃል፤ ለቅሶ የለም። ካለም ስለተሸነፈች ነው።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ጌሙን ሳትነኪ ቆርኪውን ሞክሪ። አሥር አፍሺና «አምስት ስጪኝ» በያት። ብትስት አታርሚያት፤ ዝም ብለሽ እይ። ስንት እንደሰጠችሽና ስትሰጥሽ ምን እንዳለች ጻፊልኝ፤ ከሁለቱ ጌሞች ውስጥ በየትኛው ጨዋታ እንደምትጀምር ያኔ ለይቼ እነግርሻለሁ።